ጎንደር ብዬ ብጽፍ ስክሪኑ ሎንደር ይላል፦ የ1.3 ኢንች ኦሌድ ኮድ

አንገረብ ማዶ (ጠያቂ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40
(ርእሱ ሐሙስ ዕለት ተስተካክሏል። መጀመሪያ የነበረው «ስክሪኔ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ነበር።)

ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ለሚኖሩት አጎቴ የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን እየሠራሁ ነው። ሳጥኑ ሞተሩ የሞተ የአሮጌ ፍሪጅ ቀፎ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚሰጡት ሁለት አምፖሎች ናቸው። አምፖሎቹን በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያበራና የሚያጠፋው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ያለበት አርዱኢኖ ናኖ የተባለ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት የሚለካው ደግሞ ዲኤችቲ22 ሴንሰር ነው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ ማቆየቱን በተመለከተ ችግር የለብኝም፤ ያስቸገረኝ ስክሪኑ ነው።

ስክሪኑ 128 በ64 ፒክስል የሆነ፣ ባለ አራት እግር የ1.3 ኢንች ኦሌድ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ የመጣልኝ ሲሆን፣ ማሸጊያው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ቺፑ ኤስኤስዲ1306 እንደሆነ ተጽፏል። አድራሻ የሚፈልገውን ኮድ ሳስኬደው በ60 (በአስራ ስድስት ቤት አጻጻፍ 3ሲ) ላይ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሽቦው ተገናኝቷል ማለት ነው። ነገር ግን የላይብረሪውን (ለስክሪኑ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን የኮድ ስብስብ) ምሳሌ ኮድ ስጭንበት፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጤፍ የተበተነ እስኪመስል ድረስ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል፤ የሚለዋወጠው አንድ ጠባብ አግዳሚ ረድፍ ብቻ ነው። ሽቦዎቹን ቀየርኩ፣ ኃይሉንም ለብቻው ሰጠሁት፤ ምንም ለውጥ የለም። ስክሪኑን ልመልሰው ወይስ ጥፋቱ የኮዱ ነው?

ባለ ብየዳው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ ስክሪኑን አይመልሱት፤ ደኅና ነው። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ኤስኤስዲ1306 በብዛት የሚገኘው በ0.96 ኢንች ስክሪኖች ላይ ነው። በ1.3 ኢንቾቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ኤስኤች1106 ሲሆን፣ ሁለቱ ቺፖች በአንድ አድራሻ ስለሚመልሱና ብዙዎቹ ትእዛዞቻቸው ስለሚመሳሰሉ ሻጩም ገዢውም በቀላሉ ይሳሳታል። የአድራሻ ፍለጋው «አለሁ» የሚል እንጂ ማንነቱን የሚናገር አይደለም።

ልዩነታቸው የሚታየው ምስሉ ወደ ቺፑ በሚላክበት መንገድ ነው። የሁለቱም ማኅደረ ትውስታ እያንዳንዳቸው 8 ፒክስል ከፍታ ባላቸው 8 ገጾች የተከፈለ ነው። ኤስኤስዲ1306 አንዱ ገጽ ሲሞላ በራሱ ወደ ቀጣዩ እንዲሻገር ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ላይብረሪዎ 1024ቱን ባይት ያለማቋረጥ ይለቅበታል። ኤስኤች1106 ግን ይህን የመሻገር ዘዴ አያውቀውም፤ ገጹን እርስዎ ካልቀየሩለት እዚያው ቆሞ በአንዱ ረድፍ ላይ እየደራረበ ይጽፋል። የቀሩት ሰባት ገጾች ኃይል ሲያገኙ የያዙትን ትርኪ ምርኪ ይዘው ይቀራሉ፤ ጤፉ እሱ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ገጽ በተናጠል መላክ ነው። በቅድሚያ 176 ላይ የገጹን ቁጥር (ከ0 እስከ 7) ደምረው እንደ ትእዛዝ ይላኩ፤ ቀጥሎ የዓምዱን መነሻ የሚወስኑትን ሁለት ትእዛዞች፤ ከዚያም የዚያን ገጽ 128 ባይት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በናኖው ቺፕ ላይ የአርዱኢኖው የአይ ቱ ሲ (ስክሪኑና ናኖው በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት ዘዴ) ላይብረሪ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 32 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሰጡት ትርፉ ሳይነገርዎት ይጣላል። እኔ 16 ባይት እየቆረስኩ መላክ ልማዴ ነው።

ማራኪ ሁለተኛ ፎቅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሽ ባለ ብየዳው ያሉት ትክክል ነው። ከባዶ መጻፍ ካልፈለጉ ደግሞ ዩ8ጂ2 የተባለው ላይብረሪ ኤስኤች1106ን ስለሚደግፍ፣ በኮዱ መጀመሪያ ላይ የቺፑን ስም መቀየር ብቻ ይበቃዎታል። ሙሉውን ምስል በራም (በናኖው የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ውስጥ የሚይዘውን አማራጭ ግን አይምረጡ፤ የናኖው ራም በጠቅላላው 2048 ባይት ስለሆነ ግማሹን ስክሪኑ ብቻውን ይበላዋል።

አንገረብ ማዶ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጤፉ ጠፍቷል። የራሴን አጭር ኮድ የመረጥኩት የራሴን ፎንት ማስገባት ስለምፈልግ ነው። ገጽ በገጽ መላክ ስጀምር ምስሉ ወዲያው ወጣ፤ ሆኖም ሁለት ፒክስል ወደ ግራ ተገፍቶ በቀኝ ጠርዝ ሁለት ቀጫጭን የነጠብጣብ መስመሮች ቀርተው ነበር። የቺፑን መግለጫ ሳነብ ማኅደረ ትውስታው 132 ዓምድ እንዳለውና ስክሪኑ መካከለኛዎቹን 128 ብቻ እንደሚያሳይ ተረዳሁ። የዓምዱን መነሻ ከ0 ወደ 2 ስቀይረው እነሱም ጠፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አጎቴ ከአማርኛ በቀር በሌላ ፊደል የተጻፈ ነገር ማንበብ ስለማይፈልጉ (ይችላሉ፤ አይፈልጉም እንጂ) ስክሪኑ በአማርኛ መጻፍ አለበት። ስለዚህ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ከ«ሀ» ጀምሮ ላሉት 384 ቦታዎች በሙሉ 16 በ16 ፒክስል የሆነ ፎንት አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ፊደል 32 ባይት ስለሚፈጅ ድምሩ 12,288 ባይት ነው፤ ራም ውስጥ ፈጽሞ ስለማይገባ ኮዱ በሚቀመጥበት በ32 ኪሎባይቱ ፍላሽ ላይ አስቀምጬ ከዚያው እያነበብኩ እስላለሁ። ቁጥሮችና ባዶ ቦታ 8 ፒክስል ስፋት ያለው ሌላ ትንሽ ፎንት አላቸው።

ጽሑፉ ወጣ፤ ነገር ግን የወጣው ሌላ ነው። እኔ የጻፍኳቸው አራት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

ጎንደር
ሙቀት፡ 37.5
እርጥበት፡ 55
ጫጩት፡ ቀን 1

ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ግን ይህ ነው፦

ሎንደር
ሙቀትቡ 37.5
እርሥበትቡ 55
ራሩትቡ ቀን 1

ፊደሎቹ በጣም ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የተሰበረም የተገለበጠም የለም። አጎቴ አይተው «ራሩት ማነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ማራኪ ሁለተኛ ፎቅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ምናልባት የባይቱ ዓይነት ይሆናል። በዚህ ኮምፓይለር «ቻር» የሚባለው ዓይነት አሉታዊ ቁጥርንም የሚይዝ ስለሆነ፣ 225 የሆነ ባይት በእሱ ሲነበብ −31 ይሆናል። የእኛ ፊደል በሙሉ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥር በባይት በሚጻፍበት መንገድ) ሲጻፍ ሦስት ባይት የሚወስድ ሲሆን የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ኮድዎ «ይህ ባይት 225 ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንጊዜም «አይደለም» ይሆንበታል። ዓይነቱን አሉታዊ ወደማይቀበለው ይቀይሩት።

ባለ ብየዳው — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

የማራኪው ወንድማችን ያነሳው ስሕተት እውነተኛ ነው፤ እኔንም አንድ ሌሊት ሙሉ አስቀምጦኛል። እዚህ ግን የሚሠራ አይመስለኝም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ፊደል እኩል በተበላሸ ነበር። «ሙቀት» ደኅና ሆኖ «ጫጩት» የሚጠፋበት ምክንያት አይኖርም። እኔ የምጠረጥረው ፎንቱን ነው፤ ፋይሉ ሲዘጋጅ ረድፎች ተዛብተው ይሆናል። ጽሑፉን ይተዉትና ከ0 እስከ 383 ያሉትን ፊደሎች በተራ ቁጥራቸው ብቻ እየጠሩ ስክሪኑ ላይ ያውጧቸው።

አንገረብ ማዶ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሁለቱንም ሞከርኩ። የባይቱ ዓይነት ቀድሞውኑ አሉታዊ የማይቀበለው ነበር። ፎንቱን በተራ ቁጥር ሳወጣው ደግሞ 384ቱም በየቦታቸው ናቸው። በነገራችን ላይ ስክሪኑ በአግድም 8፣ በቁመት 4 ፊደል ስለሚይዝ እና ዩኒኮድም እያንዳንዱን የፊደል ቤት በስምንት ስምንት ስለደረደረው፣ የወጣው ልክ እንደ ልጅነታችን የፊደል ገበታ ሆኖ ነው፤ ሀ ሁ ሂ ከላይ፣ ለ ሉ ሊ ከሥሩ። 12 ጊዜ እየተገለጠ ሲያልቅ አጎቴ ከጎኔ ቆመው አብረውኝ ሲያነቡ ነበር። አንድም የተሳሳተ ፊደል አላገኘንም።

እንግዲህ ፎንቱ ትክክል፣ ስዕሉ ትክክል፣ ባይቱ ትክክል ከሆነ ራሩት ከየት መጣ?

ፊደል ቆጣሪ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20

እንደምን ዋላችሁ። ውይይቱን ያየሁት አሁን በምሳ ሰዓት ነው። መልሱ ያለው በራሳቸው በተሳሳቱት ፊደሎች ውስጥ ስለሆነ ቀረብ ብለን እንያቸው።

ጎ ሳብዕ ነው፤ በምትኩ የወጣው ሎም ሳብዕ ነው። ጥ ሳድስ ነው፤ ሥም ሳድስ ነው። ጫ ራብዕ ወደ ራ ራብዕ፣ ጩ ካዕብ ወደ ሩ ካዕብ ተለውጠዋል። ስለዚህ ፊደሉ ቤቱን ብቻ ነው የለቀቀው፤ የቆመበትን ዓምድ አልለቀቀም። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ የተራ ቁጥሩ የተዛነፈው በ8 በሚካፈል ቁጥር ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያልተሳሳቱትን ይመልከቱ፦ ሙ፣ ቀ፣ ት፣ እ፣ ር፣ በ፣ ን፣ ደ። በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ሁሉም ከ«ጀ» በፊት የሚገኙ ናቸው። የተሳሳቱት ገ፣ ጠ እና ጨ ግን ከ«ጀ» በኋላ ያሉ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ስለያዘ፣ ከ«ጀ» በፊት 32 ረድፎች አሉ፤ 32 በ8 ሲባዛ 256 ነው። ከዚህ በኋላ የቀረውን የሚገምተው ሁሉም ሰው ይመስለኛል።

በ«ጎ» እንፈትነው። በዩቲኤፍ-8 ባይቶቹ 225፣ 140 እና 142 ናቸው። ከመጀመሪያው የታችኞቹን አራት ቢቶች ብንወስድ 1 እናገኛለን፤ በ4096 ሲባዛ 4096። ከሁለተኛው የታችኞቹን ስድስት ቢቶች ብንወስድ 12፤ በ64 ሲባዛ 768። ከሦስተኛው 14። ድምሩ 4878 ሲሆን፣ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ስለሆነ ስንቀንሰው የ«ጎ» ተራ ቁጥር 270 ይወጣል። 270ን በአንድ ባይት ውስጥ ላስቀምጥ ቢሉ ባይቱ ከ255 በላይ ስለማይችል 256ቱ ይፈስና 14 ይቀራል። በፎንትዎ 14ኛው ቦታ ላይ ማን አለ? ከ0 ሲቆጠር «ሎ» ነው።

መጨረሻ ላይ የተለጠፈው «ቡ»ም ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለት ነጥቡ «፡» ተራ ቁጥሩ 353 ስለሆነ 256 ሲጎድልበት 97 ይሆናል፤ 97 ላይ የሚገኘው «ቡ» ነው። እኔን ለጥቂት ደቂቃ ያሳሳተኝም እሱ ነበር፤ ሥርዓተ ነጥብ እንደሆነ ዘንግቼ ከየት የመጣ ተጨማሪ ፊደል ነው ስል ቆይቻለሁ።

ስለዚህ ፊደሉን ወደ ተራ ቁጥር በሚቀይረው የኮድ ክፍልዎ ውስጥ፣ ውጤቱን የሚይዘው ወይም የሚመልሰው ዓይነት ባለ 8 ቢት መሆን አለበት። ወደ 16 ቢት ይቀይሩት። ባለፈው ሙከራ ገበታው በትክክል የወጣልዎት ቆጣሪው ባለ 16 ቢት ስለነበረና በዚያ ክፍል በኩል ስላላለፈ ነው። ኮምፓይለሩም በተለመደው ቅንብሩ እንዲህ ያለውን መቆረጥ አይናገርም፤ ቁጥሩ እንዲጠብ የፈለጉት እርስዎ እንደሆኑ አድርጎ ይወስደዋል።

አንገረብ ማዶ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡40

እህቴ ይሁኑ ወንድሜ አላውቅም፤ እጅዎ ይባረክ። መሥመሩን አገኘሁት። የሚቀይረው ክፍል ውስጥ ስሌቱ ሁሉ በ16 ቢት ነበር፤ የሚመልሰው ዓይነት ግን ባይት ተብሎ ነበር። የጻፍኩት ከሌላ ኮድ ላይ ገልብጬ ነው፤ ያኛው ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለነበር ለእሱ አንድ ባይት ይበቃዋል። አንዲት ቃል ስቀይር «ጎንደር» ጎንደር ሆነ፤ ጫጩቱም ጫጩት። የክሩንም ርእስ ቀይሬዋለሁ።

እስካለሁ ድረስ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሳጥኑን ዛሬ ባዶውን አስነስቼው ነበር፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ደኅና ከሠራ በኋላ ሪሌዩ ቀጭ ሲል ስክሪኑ በያዘው ጽሑፍ ላይ ደርቆ ቀረ። ናኖውን ነቅዬ ስሰካው ይመለሳል። ስክሪኑ 37.4 እያለ ነበር፤ እውነተኛው ሙቀት ግን በእጅ ቴርሞሜትር ስለካው 41 ደርሷል።

ባለ ብየዳው — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

ይሄኛው ከፊደሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ባዶ ሳጥን ላይ መታየቱ ደግ ሆነ። የደረቀው ስክሪኑ ብቻ አይደለም፤ ኮዱ በሙሉ ቆሟል። አምፖሉ በርቶ የቀረው ለዚህ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሪሌዩ የ220 ቮልቱን መስመር ሲቆርጥ ወይም ሲያገናኝ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ያ ብልጭታ በአጠገቡ ባሉት የስክሪን ሽቦዎች ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ አንድ የሰዓት ምት ካመለጠው ወይም ያልተላከለትን ከቆጠረ የዳታውን መስመር ወደ ታች እንደያዘ ሊቀር ይችላል። የአይ ቱ ሲ ላይብረሪው ደግሞ ጊዜ ካልተወሰነለት መስመሩ እስኪለቀቅ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ለዘላለምም ቢሆን።

በኮዱ በኩል የላይብረሪውን የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ ያብሩት፤ አዲሶቹ የአርዱኢኖ ላይብረሪዎች አላቸው፤ በነባሪ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ገደቡ ሲያልፍ የሰዓቱን መስመር ዘጠኝ ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ከመነሻው ያስጀምሩት። ከሁሉም በላይ የሙቀቱ ውሳኔ ስክሪኑን እንዳይጠብቅ ያድርጉ፦ መጀመሪያ ይለኩ፣ አምፖሉን ይወስኑ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፈ ይጻፉ። በ100 ኪሎኸርዝ ፍጥነት አንድ ሙሉ ምስል መላክ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ስለሚወስድ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ ማደስ ለአጎትዎ ይበቃቸዋል።

በሽቦው በኩል ደግሞ የስክሪኑን ሽቦ ከ20 ሴንቲሜትር አያሳልፉ፤ ከአምፖሉ ሽቦ ጋርም አብረው አያስሩት። በስክሪኑ እግር ላይ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ በሁለቱ የመገናኛ መስመሮች ላይ የ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ያድርጉ። ከኮዱ ውጭ ደግሞ ከአምፖሎቹ ጋር በተከታታይ የሚገባ ሜካኒካል ቴርሞስታት አንድ ይጨምሩ፤ ኮድ ይቆማል፣ ይሄኛው ግን ኮድ አያውቅም። በ220 ቮልቱ በኩል ሲሠሩ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ መብራት ስለጠፋ ብቻ እጅዎን አያስገቡ፤ እኛ ሰፈር ሄዶ የሚመለስበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም።

ማራኪ ሁለተኛ ፎቅ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

በዚህ ላይ ዋችዶጉን ያብሩት። በዚህ ቺፕ ላይ እስከ 8 ሰከንድ ድረስ መጠበቅ ይችላል፤ ኮዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ «አለሁ» ካላለው ቺፑን ራሱ ያስነሳዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ናኖው አሮጌው ቡትሎደር (ቺፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ኮድ) ያለበት ከሆነ ዋችዶጉ ካስነሳው በኋላ ዳግም እየተነሳ በዚያው ዙሪያ ሊቀር ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አዲሱን ቡትሎደር ይጫኑበት፤ ለመጫን ሌላ አርዱኢኖ ይበቃል። እኔ ጋ ስላለ ማራኪ ብቅ ካሉ በአምስት ደቂቃ እንጨርሰዋለን።

አንገረብ ማዶ — እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡30

ቡትሎደሩ አሮጌው ነበር፤ ዓርብ ማራኪ ሄጄ ቀየርነው። ቴርሞስታቱን ከአራዳ ገዝቼ በ39 ዲግሪ እንዲቆርጥ አስተካክዬዋለሁ። የመጠበቂያ ገደቡ ስንት ጊዜ እንዳለፈ የሚቆጥር ትንሽ ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። የስክሪኑን ሽቦ ከማሳጠሬ በፊት በአንድ ሌሊት 11 ደርሶ ነበር፤ አሳጥሬ ሬዚስተሮቹን ካስገባሁ በኋላ ባለፉት ሁለት ሌሊቶች 0 እንደሆነ ነው። ሪሌዩ ግን እንደ ወትሮው ቀጭ ቀጭ ይላል።

እንቁላሉ ነገ ይገባል። 21ኛው ቀን ሲደርስ አራተኛው መስመር «ጫጩት፡ ቀን 21» ይሆናል፤ ስቆጥረው ልክ 128 ፒክስል ሞላ፤ አንድም አልተረፈም።

ፊደል ቆጣሪ — እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡50

እህትዎ ነኝ። አጎትዎ ቀኑን በግእዝ ቁጥር ይሁንልኝ ካሉ «፳፩» 32 ፒክስል ስለሚወስድ ከመስመሩ ይወጣል፤ ያኔ በ«ጫጩት» እና በ«ቀን» መካከል ያለውን ሁለት ነጥብ መሠዋት ይኖርብዎታል።